ለሰማይ ሎሪ ነጂዋ የተሳለ ወርቅ

እና ያልተወለደች ከሆነች ታዲያ ያቺ ማን ናት፣ ሣህሊቱን እህል ያስተወቻት ማን ናት፣ ሰፌዱን ከነሰሊጡ ከእጇ ያስጣለቻት፣ የለችም ይበሉ እንግዲህ፣ የሌለ ሰው እንዲህ ያንገበግባል እንዴ፣ ርክሻው፣ ባጃጁ፣ ይነጥራል፣ ጉድጓዱን እየመረጠ የሚገባበት ነው የሚመስለው፣ ቀስ በል አንተ፣ የጫንከው የአሮጊት አጥንት ነው ሽንኩርት አይደለም፣ ተማም ያ ሐጃ፣ እሺ እማማ ማለቱ ነው፣ ይላል ሾፌሩ ዞር ሳይል፣ ተማም ብሎ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ፣ እሷ የነጠላዋን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣለች፣ ቋጠሮው ውስጥ የጆሮዋ ወርቅ አለ፣ ጥንዱ፣ ከስደቱ መንገድ ዘመን ጀምሮ ከጆሮዋ ወርዶ የማያውቀው፣ ጆሮዋ ቀሏታል፣ የሰው ጆሮ የተዋሰች ይመስል በየመንገዱ ትዳስሰዋለች።

ዛሬ ሚካኤል ነው። ስለቷን ልታስገባ እየሄደች ነው። ወይ ደግሞ ከበሩ ልትመለስ።

አልወሰነችም። ሣህሊቱ አልወሰነችም ቢባል ማን ያምናል፣ የፖሊስ አዛዥ ፊት ቆማ አንተ ልጅ መጀመሪያ የሸሚዝህን ቁልፍ ቆልፍ፣ ከዚያ ታናግረኛለህ ያለች ሴት፣ በኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ሰልፍ ሲንጋፋ በክርኗ ለአሮጊቶች መንገድ የከፈተች፣ ያን ጊዜ እሷ ራሷ አሮጊት አልነበረችም፣ አሁን ግን በአንዲት ሎሪ ነጂ ምክንያት ልቧ እንደ ሽንብራ ቆሎ ይንጣጣል፣ ስለት ያስገባ ሰው ስለቱ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ቄሱ ያነሣዋል፣ እገሊት እንዲህ ስለተደረገላት ይህን አምጥታለች ይላል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ታዲያ ምን ሊባል ነው፣ ሣህሊቱ መጽሐፍ ውስጥ ላለች ሴት ተስላ ነበር፣ እልል በሉላት።

ምን አባቱ። ጥፋቱ የብፅአት ነው።

ብፅአት የጋረደው ልጅ ናት፣ ጋረደው የሣህሊቱ ልጅ፣ አንድ የቀራት ልጅ፣ ካርቱም አጠገብ ኡምዱርማን ላይ ሎሪ ነጂ፣ ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲደርስ ልጅቷን በአውቶቡስ ጭኖ ወደ አያትሽ ሂጂ አላት፣ እኔ ሎሪዋን ይዤ እከተላለሁ አላት፣ አልተከተለም፣ ስልኩ አይነሣም፣ ሸበካ የለም ይላሉ፣ ሸበካ፣ ሸበካ፣ ኔትወርኩን ነው እንዲህ የሚሉት፣ ሣህሊቱ ሸበካ የሚባለውን ጉድ ሰው ሆኖ ብታገኘው በምን እንደምትመታው ታውቃለች፣ እና ልጅቷ መጣች፣ አቧራ ለብሳ፣ ከጦርነት የሚሸሽ ሰው ወርቅ ይይዛል፣ ድስት ይይዛል፣ ይቺ አንድ ቦርሳ ይዛ መጣች፣ አልጋው ላይ ዘረገፈችው፣ መጽሐፍ።

ምንድን ነው ይሄ። መጽሐፍ ነው እማማ። እሱንማ ዓይን አለኝ፣ የሃይማኖት ነው። አይደለም። የመንግሥት ነው። አይደለም እማማ። ታዲያ ከሁለቱ ውጪ ማን ይጽፋል። ሳቅ አለች ልጅቷ፣ ፈገግታ እንኳ አይባልም፣ የከንፈር ጥግ ናት፣ የሳይንስ ነው፣ ስለ ሰማይ ነው፣ በሰይፍ፣ በበጋው ማለቷ ነው፣ ሙቀቱ ሰውን አልጋ ላይ ሲጥለው የሚነበብ፣ ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ፣ ልብ ከፍ የሚያደርግ፣ ሌላም ነገር ተናገረች፣ ሣህሊቱ ግን ሳይንስ ካለችው በኋላ ያለውን አልሰማችም፣ ሳይንስ ማለት የተረጋገጠ ነገር ማለት መሆኑን ጋረደው ድሮ ነግሯታል፣ መርፌው ሳይንስ ነው እማዬ፣ አትፍሪ፣ ብሏታል፣ መርፌውም ሠርቷል።

ደግሞስ ተረት ቢሆን ተረት ነኝ ይል የለም እንዴ። ተረት ሥርዓት አለው፣ ተረት ተረት ይላል ተራኪው፣ የላም በረት ይላል ሰሚው፣ ተፈቃቅደው ነው የሚገቡበት፣ ውሸት ልነግርህ ነው፣ እሺ ንገረኝ ማለት ነው፣ ይህ መጽሐፍ ግን ፈቃድም አልጠየቀ፣ ፀደይ የሎሪዋን በር ዘግታ ሞተሩን አስነሣች ብሎ ነው የጀመረው፣ በሩ ሲዘጋ እንኳ የምትሰማው ነው የሚመስል፣ በምን ልታውቅ ትችላለች፣ እሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ሰሌዳው ተ ላይ ሲደርስ አስተማሪውን ለጦር ወሰዱት፣ ከተ ወዲያ ያለው የፊደል አገር ለሣህሊቱ ዛሬም ጨለማ ነው፣ ስሟን ግን ትጽፋለች፣ ለስሟ የሚበቃ ተምራለች።

ርክሻው በሰሊጥ መጋዘኖቹ አጠገብ ያልፋል። አሁን ባዶ ናቸው፣ ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ገና ነው፣ ዝናቡ እስኪመጣ ገዳሪፍ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፣ ምድሩ የሰው እግር እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል፣ በዚህ ወር ሥራ ማለት የዘር ሰሊጥ ማንገዋለል ብቻ ነው፣ ጠጠሩን ከፍሬው፣ ራኩባው ሥር፣ የሣር ጥላው ሥር፣ ሣህሊቱ በዚህ ዩስራ በዚያ፣ ሰፌድ ለሰፌድ።

ዩስራ ጎረቤቷ ናት። የጓንግን ወንዝ በአንድ ዓመት የተሻገሩ፣ አንዷ ለሚካኤል አንዷ ለጁምዓ፣ በአንድ አጥር ሲጣሉ ያረጁ፣ ብፅአት ማንበብ ስትጀምር ዩስራ ሰፌዷን ይዛ ወደዚህ ዞር አለች፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው ልጄ፣ አያትሽ ደንቆሮ ናት እንጂ እኔስ እሰማለሁ፣ አንቺን ማን ጠራሽ፣ ማንም፣ ሰማይ ያንቺ ነው እንዴ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጨረቃ ላይ የፉል ቤት ስለከፈተ ሰውዬ ነበር፣ ፉሉ ከሳህኑ እየተነሣ ጣሪያ የሚለጠፍበት፣ ደንበኛው በማንኪያ እያሳደደ የሚበላበት፣ አልገረማቸውም፣ ጨረቃ ላይ ፉል፣ ሰው ካለ ፉል ይኖራል አለች ዩስራ፣ አዎ ደግሞ ሐበሻ ይሆናል የከፈተው አለች ሣህሊቱ፣ ለምን አያምኑ፣ ሰው የማይነዳው አውሮፕላን መጥቶ ነዳጅ ማደያ አቃጠለ ሲባል ሰምተው አምነው የለም፣ ድምፁን በጆሮዋ ሰምታለች፣ እንደ ትልቅ ተርብ፣ ሰው የሌለበት ነገር ሰው ሊገድል ይመጣል ሲባል የሚታመን፣ ሰው ያለበት ነገር ፍየል ጭኖ ወደ ከዋክብት ሄደ ሲባል የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው። እስቲ አንድ ሰው ይንገራት።

ፍየል ነው የጫነችው፣ ያቺ የሁለተኛው መጽሐፍ ፀደይ። ፍየል ወደሌለበት ጨረቃ ፍየል የምታደርስ፣ የሰማይ ሎሪ ነጂ፣ ኮስታራ፣ ቶሎ የምትስቅ፣ ወላጅ የላትም፣ ያላት አንድ የብረት ረዳት ነው፣ ሰው የሠራው የብረት ሰው፣ ፈሪ፣ አጉረምራሚ፣ በሩ ሲከፈት ብርድ መታኝ የሚል፣ ብረት ሆኖ፣ ስሙን ባንታምላክ ብላዋለች፣ ሣህሊቱ እዚህ ጋ አስቆመቻት፣ ቆይ ቆይ፣ ባንታምላክ፣ ክርስትና ተነሥቷል እንዴ። እኔንጃ እማማ፣ መጽሐፉ አይልም። ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ይዝጋል እኮ አለች ዩስራ፣ ወደኛ ይምጣ፣ እኛ ለሰላት ውኃ ካጣን በአፈርም ውዱእ እናደርጋለን። ኧረ ወዲያ፣ በስሙ ባንታምላክ የሚባል እስላም አይተሽ ታውቂያለሽ። ብረትስ ክርስቲያን አይተሽ ታውቂያለሽ። ልጅቷ ያን ቀን ሳቀች፣ ከመጣች ወዲህ ያን ቀን፣ በጥርሷ።

ደግሞ ያ ገጽ። ያ ገጽ ሣህሊቱ እስክትሞት አይለቃትም፣ ፀደይ በመስኮት ወደኋላ የምታይበት፣ ምድር ታንሳለች፣ መጀመሪያ እንደ ገበታ፣ ከዚያ እንደ እንቁላል፣ ከዚያ እንደ ፍሬ፣ ጥቁሩ ሁሉ ዙሪያውን ዝም ብሏል፣ ፍየሎቹ እንኳ ዝም ብለዋል ይላል፣ ሣህሊቱ እጇ ቆመ፣ ከሰፌዱ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ አነሣች፣ መዳፏ ላይ አደረገቻት፣ ይቺን ታክላለች፣ ከዚህም ታንሳለች እማማ፣ ከዚህ ታንሳለች፣ ጓንግም እዚህ ውስጥ፣ ጎንደርም እዚህ ውስጥ፣ ያ ሁሉ የተሄደው መንገድ፣ ያ ሁሉ እግር፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ብትተነፍስ ትበርራለች፣ ሁላችንም እንበርራለን፣ ድንበሩስ የቱ ጋ ነው አለች ዩስራ፣ ቀስ ብላ፣ መስጊድ ውስጥ እንዳለች። አይታይም አለች ብፅአት። አይታይም። በስማም፣ እናቴ ሆይ፣ አይታይም፣ ስንት ሰው ያለቀበት ነገር ከላይ ሲያዩት የለም፣ ሣህሊቱ ፍሬዋን ወደ ሰፌዱ አልመለሰቻትም፣ ምን እንዳደረገቻት አታውቅም፣ ምናልባት ዋጠቻት።

ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ።

ሎሪዋ ተበላሽታ ፀደይ ከውጪ ልትጠግናት ወጥታ ነበር፣ በገመድ ታስራ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ እና እዚያ መውደቅ የለም፣ መውደቅ ቢኖር ይሻል ነበር፣ መሬት ይቀበላል፣ እዚያ ዝም ብሎ መሄድ ነው፣ መራቅ፣ ሎሪዋ ትንሽ መብራት እስክትሆን፣ ለመተንፈሻ የያዘችው አየር እያለቀ፣ ድምፅ እንኳ የለም፣ ብትጮኽም አይሰማም፣ አየር በሌለበት ጩኸት የሚሸከመው የለም ይላል፣ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፣ ሰሊጡ አቧራው ላይ ተበተነ፣ ከዚያስ፣ ከዚያስ በይ፣ ስልኩ ጮኸ።

ከከሰላ ከተማ ነው የተደወለው። ከኡምዱርማን የወጣ ሰው ከሰላ ገብቷል፣ ጋረደውን ሳያውቀው አይቀርም፣ ነይ አነጋግሪው፣ ልጅቷ ብድግ፣ መጽሐፉ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ አውቶቡሱ አቧራ አስነሥቶ ሄደ፣ ጥሩ፣ ስለ አባቷ ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ፣ ሣህሊቱ ስለ ልጇ መጨነቅ ነበረባት፣ ተጨንቃለችም፣ ግን ስለ ልጇ የምትጨነቅበት ቦታ ተዘግቶ ነው የኖረው፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ያቺ ሰማይ ላይ የምትንሳፈፍ ግን በክፍቱ በኩል ገባች።

ለጋረደው ተሳይለት እንጂ፣ ይሏታል። ሁሉም ይሏታል፣ በየወሩ፣ ሚካኤል ይሰማል፣ ዣንጥላም ቢሆን ጧፍም ቢሆን ተሳይለት፣ እሷ ሚካኤል ያውቀዋል፣ ነጋሪ አይፈልግም ብላ ታልፋለች፣ ኩራት ነው ይላሉ፣ ይበሉ። ያኔ በመንገዱ፣ ሰው በሰው ላይ እየተራመደ በሚሄድበት፣ ትንሿ ልጇ በጀርባዋ ላይ ስትግል፣ ጋረደው በእግሩ እየሄደ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ፣ ያኔ ተስላ ነበር፣ ይህንኑ ወርቅ፣ ይህንኑ፣ ሚካኤል ጓንግን ከነነፍሷ አሻግርልኝ የጆሮዬ ያንተ ነው ብላ፣ አልተሻገረችም፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው ያለችው፣ ስሟን አትጠራም፣ ለማንም ጠርታው አታውቅም፣ ወርቁ ጆሮዋ ላይ ቀረ፣ አልፈለግኸውም፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ትሰግዳለች፣ ትጾማለች፣ መሬቱን ትስማለች፣ የጎደለባት ሥርዓት የለም፣ መለመን ግን አትለምንም፣ የተባረረችበት ደጅ ሁለተኛ የምታንኳኳ ሴት አይደለችም።

እና ባለፈው ሚካኤል፣ ልጅቷ ከሰላ እንዳለች፣ እንደወትሮው በሴቶች በኩል ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት እየተንጫጫ፣ ዓይኗ ሥዕሉ ላይ፣ ሐሳቧ እዚያ ጥቁሩ ላይ፣ አሁን አየሯ ስንት ቀራት፣ አሁን ሎሪዋ ትታያት ይሆን፣ ያ ፈሪ ብረት ምን እየሠራ ነው፣ አፏ ተከፈተ። ራሷ ነው የተከፈተው፣ ሣህሊቱ አልከፈተችውም፣ ሚካኤል፣ አለች፣ አንተ ባለ ክንፍ፣ እዚያ ያለኸው አንተ ነህ፣ እኛ እዚያ አንደርስም፣ ያቺን ልጅ ወደ ሎሪዋ መልስልኝ፣ የጆሮዬ ያንተ ነው፣ ካለች በኋላ ነው የሰማችው፣ ማን ነው የተናገረው፣ ያ ድምፅ ከመንገዱ ዘመን ወዲህ የት ተቀምጦ ነበር፣ አልዛገም፣ አልሻከረም፣ ደህና አድርጎ ነው የለመነው።

ርክሻው ቆመ፣ አህያ ጋሪ መንገድ ዘግቷል፣ ሰውና አህያው እየተሰዳደቡ ነው፣ ይሰዳደቡ፣ አትቸኩልም፣ ዘግይታ የወጣችው ሆን ብላ ነው፣ ቅዳሴው አልቆ ሰው ይበተን ብላ፣ ለቄሱ በጆሮው ተናግራ ሹልክ ልትል፣ ሹልክ፣ ሣህሊቱ ሹልክ።

ብፅአት ስትመለስ ፊቷ ባዶ ነበር። ሰውየው ሎሪዋን አይቷል፣ ጋረደውን አላየም፣ ሎሪዋ መንገድ ዳር ቆማ፣ በሩ የተዘጋ፣ ሰው የሌለበት፣ ይህን ብቻ፣ ሦስቱም ራኩባው ሥር ተቀመጡ፣ ሣህሊቱ ውኃ ሰጠቻት፣ እግሯን አጠበቻት፣ ሰው እንዲህ ሲሆን ስለ ሌላ ነገር አይጠየቅም፣ ነውር ነው፣ ታውቃለች፣ ምላሷን ነከሰች፣ ያቺስ አለች ዩስራ። ዩስራ ናት ያለችው፣ አላህ ይስጣት። የቷ። ያቺ ሰማይ ላይ ጥለሻት የሄድሽ፣ በኛ ላይ እንዲህ ይደረጋል፣ እንቅልፍ አጣን እኮ። ልጅቷ አያቷን አየች፣ ዩስራን አየች፣ ሁለት አሮጊት አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስግገው፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የምታለቅስ መስሏቸው ነበር፣ እየሳቀች ነው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ መጽሐፉን አወጣች።

እና ባንታምላክ፣ ያ ፈሪ፣ ያ በርዶኛል ባይ፣ ፍየሎቹን ዞሮ አየ፣ በሩን አየ፣ ያለበውን የወተት ቆርቆሮ ታቀፈ፣ እና ዘለለ። ጥቁሩ ውስጥ ዘለለ። የሚገፋው ሞተር የለው፣ ወተቱን ወደኋላ ይረጫል፣ ወተቱ ወደዚያ ሲሄድ እሱ ወደዚህ ይገፋል፣ እንዲህ ነው የሚሆነው እማማ፣ እውነት ነው፣ ይህ ሳይንስ ነው አለች ብፅአት፣ እየረጨ፣ እያጉረመረመ፣ ወተቱም አይፈስም፣ መሬት የለማ፣ ጠብታው እየተድቦለቦለ፣ እየነጣ፣ ከኋላው በጥቁሩ ላይ ተሰድሮ ቀረ፣ ከፍየል ጡት የወጣ ከከዋክብት ጋር ተደባልቆ፣ የቱ ወተት የቱ ኮከብ እንደሆነ ፀደይ አልለየችም ይላል፣ መጣልኝ ያለችው ግን የሚያጉረመርመውን ነው፣ የብረት እጁ የጨርቅ ጓንቷን ያዘ፣ በቀረው ወተት ወደ ሎሪዋ መለሳት።

ሣህሊቱ እልል አለች። እንዴት ያለ እልልታ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፣ ከማዶ ሰው ወጥቶ አየ፣ ዩስራ አፏን በቶቧ፣ በመጎናጸፊያዋ፣ ሸፍና ታለቅሳለች፣ ወላሂ አሳፈረን ይህ ብረት ትላለች፣ ወንድ ልጅ ማለት ይሄ ነው፣ እንግዲህ ለሚካኤል የጆሮዬን ላስገባ አለች ሣህሊቱ፣ እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ፣ ብፅአት ገና እየሳቀች ነበር፣ ምን አልሽ እማማ፣ ተስዬ ነበር ለልጅቷ፣ ሳቁ ቆመ፣ እማማ፣ እማማዬ፣ እሷ እኮ የለችም፣ ልብ ወለድ ነው፣ ደራሲ ከጭንቅላቱ ያወጣው ነው፣ አልተወለደችም።

የለችም።

ሣህሊቱ አገጯን ቀና አደረገች፣ አውቃለሁ፣ ጅል አደረግሽኝ እንዴ፣ እየቀለድኩ ነው፣ አለች፣ ዋሸች፣ ብፅአት ታውቃለች፣ ዩስራ ታውቃለች፣ ዶሮዎቹም ያውቃሉ፣ ፊቷ ጋለ፣ አርጅታ፣ አርጅታ ሞኝ ሆነች፣ ለገዛ ልጇ ያልከፈተችውን አፍ ለቀለም ከፈተችው፣ ከዚያ ዩስራ ሰፌዷን አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንግዲህ ከሆነ ሁላችንም እንነጋገር፣ እኔም ነዝር አለብኝ፣ የምን ነዝር፣ ስለት ነዋ በኛ ቋንቋ፣ ለማን፣ ለፍየሎቹ፣ ለፍየሎቹ ምን ተሳልሽ፣ ዩስራ ወደ አጥሩ ዞረች፣ አንድ ፍየል።

ለፍየሎቹ ፍየል። ሣህሊቱ አሁን እዚህ ርክሻ ውስጥ ብቻዋን ትስቃለች፣ ሾፌሩ በመስታወት ያያታል፣ እይ አንተ መንገድህን፣ ፍየል እንዲድን ፍየል የምታርድ፣ አረደችም፣ ከመደኒ ተፈናቅለው ከማዶ የተጠለሉትን ሁሉ ጠርታ አበላች፣ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም፣ በነሱ ቤት ሥጋው ይበላል፣ አለቀ፣ ኸላስ፣ ሣህሊቱ ናት እንግዲህ ስሟ ከነጉዳዩ የሚጠራ።

ደረሰች። ጫማዋን አወለቀች። ሰው አልተበተነም፣ ምን ያለ ዕድል ነው፣ ግቢው ሙሉ ነው፣ ተፈናቃዩ፣ ለሥራ ከመተማ የመጣው ጎረምሳ፣ አባ ኪዳኔ እዚያ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጢማቸው ገና ያልሸበተ፣ በዕድሜስ ልጇ ይሆናሉ፣ መስቀል ተሳለመች፣ አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይጠይቁ እማማ። ላልተወለደች ሴት የተሳሉት ስለት ይያዛል ወይ። ያልተወለደች ሲሉኝ። ያልተወለደች ማለት ያልተወለደች፣ ሰው በብዕሩ የሠራት፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለች፣ እና ነገረቻቸው፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሎሪዋን፣ ገመዱን፣ ጥቁሩን፣ ብረቱን፣ ወተቱን፣ አንድ ነገር ሳታስቀር፣ ቢስቁ መልስ አዘጋጅታለች፣ ቢገሥጹም አዘጋጅታለች፣ የሳቸው ከንፈር ተንቀጠቀጠ፣ መስቀሉን ወደ አፋቸው አስጠጉት፣ አሁን ነው፣ ፍየሎቹስ ምን ሆኑ፣ አሉ።

ፍየሎቹ።

ደህና ናቸው አባ፣ አንዷማ መንገድ ላይ ወልዳለች። እሰይ፣ እሰይ አሉ፣ የእውነት ነው፣ ዓይናቸው በራ፣ ከዚያ መስቀሉን ዝቅ አድርገው፣ እማማ፣ እሷ አልተወለደችም፣ እርስዎ ግን ተወልደዋል፣ የለመኑት እርስዎ ነዎት፣ ሚካኤልም የሚያውቀው የእርስዎን ድምፅ ነው፣ ስለቱ የእርስዎ ነው፣ ምን ብዬ ልናገርልዎ። መውጫ ሰጧት፣ ስለ ጤናቸው ቢሉላት ይችላሉ፣ ስለ ቤተሰባቸው ቢሉ ማን ያጣራል፣ ሣህሊቱ ቋጠሮውን ፈታች፣ ጣቷ አልታዘዝ ብሎ በጥርሷ ፈታችው፣ እንደሆነው ይናገሩ አባ።

እንደሆነው ተናገሩ። በሰማይ መንገድ የጠፋችን አንዲት ሎሪ ነጂ ሚካኤል ስለመለሰላቸው ወይዘሮ ሣህሊቱ የጆሮ ወርቃቸውን አምጥተዋል፣ ሣህሊቱ አንገቷን አልደፋችም፣ ሳቁን ጠበቀች፣ ይምጣ፣ አልመጣም፣ የመጣው እልልታ ነው፣ ከሴቶቹ በኩል፣ ከካርቱም የመጡት፣ ከመደኒ የመጡት፣ እዚህ ግቢ ውስጥ መንገድ ላይ የጠፋበት የሌለው ማን አለ፣ በየትኛው መንገድ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ተመለሰች፣ አንዲት ሰው ተመለሰች፣ ይህን ነው የሰሙት፣ ይህን ነው እልል የሚሉት፣ የማታውቃት ሴት ትከሻዋን ያዘቻት፣ እንኳን ደስ ያለዎ እናቴ፣ ልጅዎ ናት፣ አይደለችም፣ ዘመድ፣ አይደለችም፣ የማውቃት ናት፣ አለቻት ሣህሊቱ፣ ሴትየዋ አቀፈቻት፣ የማታውቃት ሴት እንባ በጆሮዋ ሥር፣ በባዶው ጆሮዋ።

ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ወደ ቦታዋ። ድንጋዩ በነጠላዋ በኩል ይሞቃል፣ ሰውዬው ማን ነው ያ ደራሲ፣ የት አገር ተቀምጦ ነው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ምናልባት ራሱን እያከከ፣ ሰማይ ሠራ፣ ጥቁር ሠራ፣ ፈሪ ብረት ሠራ፣ ገዳሪፍ ድረስ መጥቶ የሣህሊቱን አፍ ከፈተ፣ ስሟን ሳያውቅ፣ እንዴት ያለ ሥልጣን ነው፣ መቼ ነው የተጻፈው ብላ ጠይቃለች ብፅአትን፣ ከጦርነቱ በፊት እማማ፣ ቆይቷል፣ ቆይቷል፣ ያ ማለት እኮ፣ ቆይ፣ ሣህሊቱ ግድግዳውን በመዳፏ ያዘች፣ ያ ማለት እሷ እዚህ ቆማ መልስልኝ ስትል ልጅቷ ተመልሳ ነበር፣ ድሮ፣ ሎሪዋ ውስጥ ተቀምጣ እየሳቀች ነበር፣ ገጹ ብፅአት ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ነው እንጂ፣ እኔ አላየሁትም እንጂ ተጽፎ ነበር፣ ወይኔ፣ ወይ ጉድ፣ ሰማይ ይህን ያህል ነው እንዴ፣ እኛ የምንጮኽለት ነገር ከጩኸታችን በፊት የተፈጸመ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ላይሆን፣ ትንሿ ልጇ አልተመለሰችም፣ ያንን ገጽ በዓይኗ አይታዋለች፣ ያ ተነብቧል፣ ይሄኛው ግን አልተነበበም፣ መንገድ ዳር የቆመች ሎሪ፣ በሩ የተዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላነበበላትም፣ እሷ ናት ዘግታ የተቀመጠችበት፣ ሞተ ብላ ሳይሆን፣ እንዳትጠይቅና እምቢ እንዳትባል።

የምትሳልበት የለም። ጆሮዋ ባዶ ነው፣ እጇ ባዶ ነው፣ ቤት ያለው ሰፌድና አልጋ ነው፣ ሰፌድ ለሚካኤል ምን ያደርግለታል፣ እንዲህ ባዶ እጅ ማን ደጅ ይቆማል፣ ለማኝ ነው የሚቆም፣ ሣህሊቱ ለማኝ፣ አዎ፣ ይሁና፣ ለማኝ፣ እልልታው ገና አላለቀም፣ ከበሮም ተጨምሮበታል፣ ሥዕሉ ላይ ክንፉ ተዘርግቷል፣ ቀለሙ የተላጠ ክንፍ፣ እኔ ነኝ፣ ትላለች፣ ሣህሊቱ፣ የምሰጥህ አልቋል፣ አኩርፌህ ነበር፣ አንተም ታውቃለህ፣ እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን፣ ዛሬ ግን፣ ጉልበቷ መሬት ይነካል፣ መቼ እንደተንበረከከች አታውቅም፣ ዛሬ ግን ሚካኤል፣ ጋረደውን፣